አያ ፈንታውና የወይራ ውሃ መሻገሪያ

አያ ፈንታው መሞቱን የሰማሁት ላሊበላ ቢሮዬ ተቀምጬ የነዳጅ መጠየቂያ ስሞላ ነው። የደወለልኝ ከእኛ ጋር መንገድ ሲጠግን የኖረ የብልባላ ሰው ነው። «ኢንጂነር፣ አያ ፈንታው አረፈ። ነገ በስድስት ሰዓት ይቀበራል» አለኝ። ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲሰማ የሚሰማው ሐዘን ብቻ ነው ይባላል። እኔ ሁለት ነገር ተሰማኝ። አንደኛው ሐዘኑ ነው። ሁለተኛው ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ለቀብሩ ስንት ሰው ይወጣ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ነበር። ሰውዬው ገና ሳይገነዝ በቀብሩ ቀናሁበት።

ቀናተኛ ነኝ። ምን ልደብቅ፣ ሚስቴም ታውቀዋለች። ግን በሀብታም አልቀናሁ፣ በሹም አልቀናሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የቀናሁት አካፋ ይዞ በሚውል በዚህ ሰው ነው። በአሥራ አምስት ዓመት ስለሚበልጠኝ በፊቱ አንቱ እለው ነበር፤ በሆዴ ግን አንቱ ብዬው አላውቅም። ይህን የምጽፈው ከሆዴ ስለሆነ «እሱ» እያልኩ ብቀጥል አትታዘቡኝ።

እኔ የገጠር መንገድ ቴክኒሻን ነኝ። ያለኝ ዲፕሎማ ነው፤ ሰው ኢንጂነር ሲለኝ ግን አርሜ አላውቅም። አያ ፈንታው የጥገና ፎርማን ነበር። ከብልባላ አለፍ ብላ ካለች ቀበሌ ነው የተወለደው። ዳዊት ደግሟል፤ ከዚያ ያለፈ ትምህርት አልነበረውም። አጭር፣ ከሲታ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ የሚያይ ሰው ነው። ከትከሻው ላይ በገመድ የታሰረች አንዲት የዘይት ጣሳ አትጠፋም። እኔን ያቃጠለችኝ ያቺ ጣሳ ናት።

መንገድ ላይ ቦይ ሊያስቆፍር ሲል መጀመሪያ ጣሳዋን ውሃ ይሞላና መሬቱ ላይ ቀስ አድርጎ ያፈስሳታል። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ውሃው የሚሄድበትን ያያል። ሠላሳ ሠራተኛ ዶማውን ተደግፎ ይጠብቀዋል። «ምን እያደረጉ ነው?» ስለው «እየጠየቅሁት ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሌቭሌን፣ የመሬት ከፍታ መለኪያዬን፣ በሦስት እግሩ አቁሜ፣ ቁጥር እየጻፍኩ፣ አንዲት የዘይት ጣሳ ስታዘገየኝ እውላለሁ።

አንድ ጊዜ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ላይ የእኔ ሌቭል ቦዩን በቀኝ አውጡ አለ፤ የሱ ጣሳ በግራ አለች። በቀኝ አልኩ። «እሺ» አለ። የአያ ፈንታውን እሺ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እሺ ብሎ የራሱን ነው የሚሠራው። በማግስቱ ብመለስ በግራ አስቆፍሮታል። ተቆጣሁ፣ ጮህኩ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ አልኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ዝናብ መጣና ውሃው በግራ ወርዶ ሄደ። ቤቴ ገብቼ ቁጥሩን ብመረምረው ለካ የሌቭሉ አንድ እግር ሰርጎ ኖሯል። ለማንም አልተናገርኩም። ደብዳቤውንም አልጻፍኩም፤ ሠራተኛው ሁሉ ግን ምሕረት ያደረግኩለት መስሎት አመሰገነኝ።

ሰው ይወደው ነበር፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። በብልባላ የገበያ ቀን ከፒካፑ ስወርድ «ኢንጂነር፣ እንደምን ዋልክ?» ይሉኛል፤ አፋቸውን ሳይዘጉ «አያ ፈንታውስ አልመጣም?» ይላሉ። ሙጃ የምትኖረው እናቴ እንኳን፣ የወለደችኝ እናቴ፣ አንድ ጊዜ የደጇን መንገድ ሲጠርግ አይታው «እንዴት ያለ ሰው ነው ልጄ፤ ምናለ አንተም ትንሽ ወደሱ ብትሄድ» ብላኛለች። ያቀረበችልኝን እንጀራ በላሁ።

ጉድለት አልነበረውም እንዳትሉ። ጉድለቱንማ እኔ ልናገር፤ ከእኔ በላይ የቆጠረው የለም። ቀጠሮ አያከብርም። የመሥሪያ ቤቱ አካፋ ከቤቱ አይጠፋም። አንዱን ታሪክ አምስት ጊዜ ያወራዋል፤ በአምስተኛው ጊዜም ከአንተ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነው። ቅዳሴ ላይ ቆሞ ያንቀላፋል። ይህን ሁሉ ለሰው ስነግር «አዬ አያ ፈንታው» ብለው ጭራሽ ይወዱታል።

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ወዲህ ባሉት ዓመታት ዝናቡ ጸባዩን ለወጠ። ደጋው ላይ በልግ ዘርቶ ገብስ የሚበላ ሰው በልግ ይጠብቃል፣ በልግ ይቀራል። ክረምቱ ዘግይቶ ይገባና ድሮ ሐምሌን ሙሉ ሲያካፋ የሚሰነብተውን ዝናብ በአንድ ከሰዓት፣ ከነበረዶው ያወርደዋል። ጎርፍ አይቶት የማያውቅ መንገድ ይቆረጥ ጀመር። እኛ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ስንሠራ ከርመን ሐምሌ ይዞት ይሄዳል። አያ ፈንታው ሽቅብ ተራራውን እያየ «ዝናቡ ችኩል ሆነ። ተራራው ደግሞ ራቁቱን ነው፤ የሚይዘው የለም» ይል ነበር።

ከብልባላ ወደ ላሊበላ ሲመጣ ወይራ ውሃ የምትባል ወንዝ አለች። በበጋ ተራምደህ ታልፋታለህ። በክረምት ግን እሷ ከሞላች በሽተኛው ሆስፒታል አይደርስ፣ እህል ገበያ አይወጣ፣ ሁሉ ነገር ወዲያ ማዶ ይቀራል። እዚያች ወንዝ ላይ የነበረውን ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ጎርፍ በላውና በጀት ተፈቀደ። ዲዛይኑን የምሠራው እኔ ነኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሦስት ትላልቅ ቱቦ፣ በላዩ ላይ ከፍ ብሎ የተደለደለ መንገድ አሰብኩ፤ ከሩቅ የሚታይ፣ ሲታይም የማን ሥራ ነው የሚባል።

እንደ ደንቡ ሽማግሌዎች ጠየቅሁ። ሁለት አዛውንት ወንዙ ድረስ ወርደው አንድ ቋጥኝ አሳዩኝ። «ከልጅነታችን ጀምሮ ከዚህ በላይ ሞልቶ አያውቅም» አሉ። ለጥንቃቄ አንድ ክንድ ጨምሬ ጻፍኩ። አያ ፈንታው አዛውንቶቹ እስኪሄዱ ጠብቆ ጎኔ ተቀመጠ።

«ሲሳይ፣ ቱቦውን ተወው» አለኝ።

«ለምን?»

«ሽማግሌዎቹ የነገሩህ የድሮውን ዝናብ ነው። የሽማግሌ ምስክርነት ለወሰን ጠብ ደግ ነው። ለዘንድሮ ዝናብ ግን እነሱም እንደኛ ሕፃን ናቸው።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት?»

በጣቱ መሬቱ ላይ ሣለልኝ። መንገዱን ከፍ ማድረግ ሳይሆን እስከ ወንዙ ወለል ዝቅ ማድረግ፤ ትልልቅ ድንጋይ በሲሚንቶ ማንጠፍ፤ በታችኛው በኩል ውሃው እንዳይቦረቡረው ጥልቅ መሠረት መጣል፤ ከዚያ ውሃው በላዩ ላይ እንዲያልፍ መልቀቅ። «ሲሞላ ሰው ሁለት ሰዓት ቁጭ ይበል። ውሃው ይለፍ፣ ከዚያ ሰው ይለፍ» አለ።

«በዚህ ዘመን ሰው ቁጭ ብሎ ውሃ ይጠብቅ ነው የሚሉኝ?»

«ግንድና ድንጋይ ይዞ ነው እኮ የሚወርደው። ቱቦህ ይታነቃል። ሲታነቅ ውሃው ወደ ጎን ይሄዳል። በጎን ያለው ደግሞ የጌጤ ማሳ ነው።»

ጌጤ የሚላቸው ባላቸው የሞቱባቸው እማማ ጌጤ ናቸው። ያቺው የወንዝ ዳር ማሳ ናት መሬታቸው፤ ሌላ የላቸውም።

እውነቱን ልንገራችሁ። በዚያች ደቂቃ ገብቶኛል። ልክ ነበር። ሳይገባኝ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ። ነገር ግን ሐሳቡ የሱ ነው። እንዳለው ብሠራው ዕድሜ ልኩን የፈንታው መሻገሪያ ይባላል፤ የኔ ዲፕሎማ ደግሞ የሱን ጣሳ ተሸክሞ ይቀራል። «በዲዛይኑ ነው የምንሠራው» አልኩት።

«እሺ» አለ።

ያን ቀን እውነተኛ እሺ ነበር። ምነው እንደ ልማዱ ቢዋሸኝ ኖሮ። ቱቦዬን እኔ ካሰብኩት በላይ አሳምሮ ቀበረው፤ ድንጋዩን አንድ በአንድ አስጠርቦ ደረደረው። በምረቃው ቀን ከበሮ ተመታ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ እኔ ከፊት ቆምኩ። እሱ ከኋላ ሆኖ ሽቅብ ተራራውን ያያል።

በተከታዩ ሐምሌ አንድ ከሰዓት ተራራው ላይ ዘነበ። ወይራ ውሃ ዳር ጠብታ አልወረደም ይላሉ ያዩት፤ ፀሐይ ነበር አሉ። ጎርፉ ግንዱን ከነሥሩ፣ ድንጋዩን እያንከባለለ መጣና ሦስቱን ቱቦ ጠቀጠቃቸው። ከፍ ብሎ የተደለደለው መንገዴ ግድብ ሆነ። ውሃው ከኋላው ተከማችቶ፣ ተከማችቶ፣ መውጫ ሲያጣ ወደ ጎን ዞረ። በማግስቱ ስደርስ ቱቦዎቹ ባዶ ሜዳ ላይ ቆመዋል፣ ወንዙ በሌላ በኩል ይሄዳል፤ እማማ ጌጤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ድንጋይ መሐል ቆመዋል። ገና ብቅ ያለ ገብስ ነበር። ግማሹ ማሳ አፈሩም የለም፤ የቀረው ድንጋይ ለብሷል። አላለቀሱም። «እንግዲህ» ብቻ ነው ያሉኝ።

አያ ፈንታው ከንጋት ጀምሮ እዚያው ነበር፤ ድንጋይ እየለቀመ ከማሳው ዳር ይደረድራል። አየኝ፣ «ደህና አደርክ» አለኝ፣ ሥራውን ቀጠለ። «ብዬህ አልነበረም?» አላለኝም። እንዲለኝ ጠበቅሁት። ቢለኝ እጣላው ነበር፤ ከተጣላን ደግሞ እንታረቅ ነበር።

ከዞን ሰዎች መጡና ግምገማ ተጠራ። የዚያን ዘመን ግምገማ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሁሉም ተነሥቶ ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ከዚያ አንዱ የሌላውን ያወጣል። እኔ ተነሥቼ ስለ «ያልተጠበቀ የተፈጥሮ ክስተት» አወራሁ። ሰብሳቢው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ «ዲዛይኑ ላይ አስቀድሞ አስተያየት የሰጠ ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አያ ፈንታው ቆቡን አውልቆ ተነሣ።

«ነበር» አለ።

አለቀልኝ አልኩ።

«ማን?»

«እኔ ነኝ። ቱቦው አይሆንም ብዬ ነገርኩት። ግን አንድ ጊዜ ተናግሬ ዝም አልኩ። የሰው መሬት ሊበላ ነው እያለ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሮ ዝም የሚል ሰው ጥፋተኛ ነው። የኔ ግለ ሂስ ይኼ ነው።»

ቁጭ አለ። አልዋሸም፤ አንዲት ቃል አልዋሸም። ግን ነገሩን እንዴት አድርጎ እንዳቀረበው ተመልከቱ። ሰብሳቢው ጻፈ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ እሱን ከፎርማንነት አንሥተው የቀን ሠራተኛ አደረጉት። ተነሥቼ «እሱ ጥፋት የለበትም» ማለት እችል ነበር። አምስት ቃል አይሞላም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ግን «ሰው እንዴት እንዲህ አድርጎ መናገር ይችላል?» የሚለውን ነው። በውርደቱም ቀናሁበት።

በበጋው እሱ መሬት ላይ እንደሣለልኝ አድርጌ አዲስ ዲዛይን ሠራሁና በስሜ ፈረምኩ። ድንጋዩን ያነጠፈው እሱ ነው፤ በቀን ሠራተኛነት፣ ከዱላው በቀር ሥልጣን ሳይኖረው። አዲሱ ፎርማን እንኳን የሚያዘው እሱን ጠይቆ ነበር። ዳርና ዳር የድንጋይ ምሰሶ አስቆመና ከታች ቀይ፣ ከላይ ነጭ አስቀባው። «ቀዩ ከጠፋ ቁጭ በሉ። ቀዩ ሙሉ በሙሉ ከታየ እለፉ» ብሎ አገሩን አስተማረ። መሻገሪያው ስምንት ክረምት አለፈበት፤ አንድ ድንጋይ አልተነቀለም።

ከዚያ ደሴ ለሥልጠና ተጠራሁ። አሠልጣኙ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ነበር የሚያስተምረው፤ በድሮ ዝናብ ልክ የተሠራ ድልድይ አዲሱን ዝናብ እንደማይችል፣ መንገድ ሁሉ እንደገና መታሰብ እንዳለበት። እያዳመጥኩ «ይኼን እኮ ወንዝ ዳር ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ» አልኩ በሆዴ። ልምድ ያለው ይናገር ሲባል እጄን አወጣሁ። ስለ ወይራ ውሃ ተናገርኩ፣ ፎቶ አሳየሁ፣ የሽማግሌውን ምስክርነትና የዝናቡን ነገር ሁሉ እንደራሴ አድርጌ አቀረብኩ። አጨበጨቡልኝ። በዓመቱ ኃላፊ ሆንኩ።

ስመለስ አያ ፈንታው «ሥልጠናው እንዴት ነበር?» አለኝ።

«ጥሩ ነበር።»

«ስለ ወይራ ውሃ ነገርካቸው?»

«አዎ» አልኩ፤ ቀና ብዬ አላየሁትም።

«ደግ አደረግህ። ሌላውም አገር ይሠሩታላ» አለና ጣሳውን ይዞ ሄደ። «የማን ነው አልካቸው?» አላለኝም። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፤ በንዴት ነው፣ በጸጸት እንዳይመስላችሁ። ጸጸቱ ኋላ ነው የመጣው።

እንግዲህ ነሐሴ ላይ ሞተ። ቤቱ ከወይራ ውሃ ወዲህ ነው፣ የሚቀበርበት ደብር ወዲያ ማዶ። ሬሳው በቃሬዛ፣ ካህናቱ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ ሆነን ወንዙ ዳር ስንደርስ ተራራው ላይ ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ሞልቷል። ቀዩ አይታይም። ማንም ሳያዝ ቃሬዛውን በደረቅ መሬት አሳረፉት፣ ሕዝቡም ቁጭ አለ። ከሙጃ ሳይቀር የመጣ ሰው ነበር። እናቴም መጥታለች። ስንት ሰው እንደወጣ መቁጠር ጀምሬ ተውኩት።

አንድ ሰዓት ያህል እንደተቀመጥን የደብሩ ቄስ ማስተማር ጀመሩ። ስለ ሞት፣ ስለ መንገድ ተናገሩና «ይኼን መሻገሪያ ያቆመልን ኢንጂነር ሲሳይ ይኸው ከመሐላችን አለ። እግዜር ዕድሜ ይስጠው» አሉ። ሕዝቡ ሁሉ ወደኔ ዞሮ «አሜን» አለ። አያ ፈንታው በነጠላ ተሸፍኖ መሐላችን ተኝቷል።

ተነሣሁ። «አባቴ፣ ይፍቱኝ። እኔ አይደለሁም» አልኩ። «ይኼን መሻገሪያ ያሰቡትም የሠሩትም አያ ፈንታው ናቸው። እኔ ፈረምኩበት እንጂ ሐሳቡ የሳቸው ነው። የፊተኛውን ቱቦም አይሆንም ብለው ነግረውኝ ነበር። ገብቶኝ ነው እንቢ ያልኩት። ስለቀናሁባቸው ነው።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አያችሁ ልጆቼ፣ ትሕትና እንዲህ ነው። ሙት ሲያከብር ራሱን ያዋርዳል» አሉ። ሕዝቡ በአድናቆት አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ «አስተዳደጉ ያስታውቃል» ሲሉ ሰማሁ፤ እናቴ ደግሞ ዕንባዋን ትጠርጋለች፣ በኔ ኮርታ። ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ነገር ነው። እንደማይገባኝ ስናገር ሰጡኝ።

ልቀመጥ ስል እማማ ጌጤ አጠገቤ ተቀምጠው ኖሯል። ጎንበስ ብዬ «እማማ ጌጤ፣ ቄሱ አልሰሙኝም። እውነቴን ነው። ማሳዎን ያስበላሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ያውቃሉ?»

«ያኔውኑ ነግሮኛል። ልከስህ ነበር እኮ፤ ቀበሌ ልሄድ ተነሥቼ ነበር። ‹ተይ ጌጤ። ጥፋቱን ያውቀዋል፤ ራሱ መጥቶ ይነግርሻል፣ እስከዚያ ድንጋዩን እኔ እለቅምልሻለሁ› አለኝ። በየበጋው እየመጣ ለቀመ። ይኸው አምና ጤፍ ዘራሁበት።»

እማማ ጌጤ ዓይናቸውን ከወንዙ ሳይነቅሉ ቀጠሉ።

«ለቀማውን ሲጨርስ ሁልጊዜ ይጠይቀኛል። ‹መጣ?› ይለኛል። ‹አልመጣም› እለዋለሁ። ‹ይመጣል› ብሎኝ ይሄዳል። ዘንድሮም በግንቦት፣ ታሞ፣ እየተሳበ መጥቶ ጠይቆኝ ነበር።»

ከዚያ ውሃው ጎደለ፣ ቀዩ ታየ። ከቃሬዛው አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ።